የፋውንዴሽን የገንዘብ ድጋፍ ለሕፃናት በጎ አድራጎት ድርጅቶች (ኢትዮጵያ)

የፋውንዴሽን የገንዘብ ድጋፍ በግለሰብ፣ በቤተሰብ፣ በኩባንያ ወይም በሕዝብ መዋጮ የተቋቋመ ፋውንዴሽን ለበጎ አድራጎት ሥራ የሚሰጠው የማይመለስ ገንዘብ ነው። ብድር ስላልሆነ ወለድ የለውም፤ ነገር ግን ውል፣ የጊዜ ገደብና የሪፖርት ግዴታ አለው። በኢትዮጵያ ወላጆቻቸውን ያጡ፣ ከቤተሰብ የተለዩ ወይም በአደራ ቤተሰብ የሚያድጉ ሕፃናትን የሚረዱ አገር በቀል ድርጅቶች ከገቢያቸው ብዙውን የሚያገኙት ከእንዲህ ዓይነት ድጋፍ፣ ከውጭ መንግሥታት እርዳታና ከግለሰብ ለጋሾች ነው። ገንዘቡ ለምን ሥራ እንደሚፈቀድና መቼ እንደሚያበቃ የሚወስኑት ደንቦች ሕፃኑ በማሳደጊያ ተቋም ወይም በቤተሰብ ውስጥ እንዲያድግ ከሚያደርጉ ምክንያቶች መካከል ናቸው።

ትርጉምና ዓይነቶች

ፋውንዴሽኖች በአሠራራቸው በሁለት ይከፈላሉ።

ሰጪ ፋውንዴሽን ራሱ ፕሮጀክት አያካሂድም። ገንዘብ ይመድባል፣ ማመልከቻ ይቀበላል፣ ያወዳድራል፣ ለተመረጡት ድርጅቶች ይሰጣል፣ አፈጻጸሙን ይከታተላል። እ.ኤ.አ. በ1984 በእንግሊዝና በአየርላንድ ዘፋኞች የተጀመረው ባንድ ኤይድ ያቋቋመው የበጎ አድራጎት አደራ ገንዘብ (ትረስት) ለዚህ ምሳሌ ነው።

ሠሪ ፋውንዴሽን ደግሞ ገንዘብ ሰብስቦ በራሱ ሠራተኞች ሥራውን ያከናውናል። በኢትዮጵያ በዚህ መንገድ በስፋት የሚታወቀው የጀርመኑ ሰዎች ለሰዎች ድርጅት ነው።

«ፋውንዴሽን» የሚል ስም የያዘ ድርጅት ሁሉ ገንዘብ ሰጪ አይደለም። በኢትዮጵያ በዚህ ስም የተመዘገቡ ብዙ ድርጅቶች ራሳቸው ድጋፍ ጠያቂዎች ናቸው። ስለዚህ አንድን ፋውንዴሽን ለመረዳት ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣና ወዴት እንደሚሄድ ማየት ከስሙ ይልቅ ይጠቅማል።

የአደራ ቤተሰብ የሚባለው ከወላጆቹ የተለየን ሕፃን በጊዜያዊነት፣ በሚመለከተው የመንግሥት አካል ዕውቅናና ክትትል፣ በቤቱ የሚያሳድግ ቤተሰብ ነው። ከጉዲፈቻ የሚለየው የሕፃኑ ሕጋዊ ወላጅነት ወደ አሳዳጊው ስለማይተላለፍ ነው። ጉዲፈቻ የሚለው ቃል ከአፋን ኦሮሞ የመጣ ሲሆን ዛሬ የቤተሰብ ሕጉ ራሱ ይጠቀምበታል።

ባህላዊ መሠረት

ፋውንዴሽንም ሆነ የሕፃናት ማሳደጊያ ከመምጣታቸው በፊት ወላጅ አልባ ልጅ የሚያድገው በዘመድ ቤት ነበር። በሰሜን ሸዋ ደጋ፣ በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ እንደ ሌሎች የአማራ አካባቢዎች ሁሉ አያት፣ አጎት፣ አክስት ወይም የክርስትና አባትና እናት ልጁን ይወስዳሉ። ማደጎና የጡት ልጅነት ደግሞ ከሥጋ ዝምድና ውጭ ያለን ልጅ ከቤተሰብ የሚያቆራኙ የቆዩ ልማዶች ናቸው። እድር፣ ሰንበቴና ማኅበር ለሐዘንተኛ ቤት እህልና ገንዘብ ያዋጣሉ፤ የሟች ማሳ እንዳያድርም ጎረቤት በደቦ ያርሳል፣ ያጭዳል።

የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) ይህንን ልማድ በተወሰነ ደረጃ ይከተላል። አባትና እናት በሌሉ ጊዜ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ሞግዚትና አሳዳሪ የሚሆኑት በቅድሚያ ወደ ላይ የሚቆጠሩ ወላጆች፣ ቀጥሎ አካለ መጠን ያደረሱ ወንድሞችና እህቶች፣ ከዚያም አጎትና አክስት ናቸው።

ይህ ዓይነቱ አስተዳደግ ወጪው በመዝገብ ስለማይገባ ለለጋሾች በቀላሉ አይታይም። ሦስት የልጅ ልጆች የምታሳድግ አያት ደረሰኝ የላትም፣ የባንክ ሒሳብ ላይኖራት ይችላል፣ የፕሮጀክት ሐሳብም አትጽፍም። የፋውንዴሽን ገንዘብ እሷ ዘንድ የሚደርሰው ውል መፈረምና ሒሳብ ማወራረድ በሚችል ድርጅት በኩል ብቻ ነው።

ታሪክ

የረሃብ ዘመንና ማሳደጊያዎች

በ1966 ዓ.ም. አካባቢና በ1977 ዓ.ም. በሰሜን ኢትዮጵያ የደረሰው ድርቅና ረሃብ ብዙ ሕፃናትን ያለ ወላጅ አስቀርቷል። ከውጭ የመጣው ገንዘብ በአብዛኛው ሕፃናትን በአንድ ግቢ ሰብስቦ ለማሳደግ ዋለ። እ.ኤ.አ. በ1949 በኦስትሪያ በሄርማን ግማይነር የተጀመረው የኤስ.ኦ.ኤስ. የሕፃናት መንደር ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በመቀሌ ሥራ ጀምሮ በኋላ ወደ ሌሎች ከተሞች ተስፋፍቷል። የመንደሩ አሠራር ልጆችን በትልልቅ አዳራሾች ከማሳደር ይልቅ በአንዲት አሳዳጊ እናት ሥር ወደ ትናንሽ ቤቶች የሚከፋፍል ነው።

አገር በቀል ጅምሮች

ከአገር በቀል ድርጅቶች በስፋት ከሚታወቁት አንዱ አበበች ጎበና የሕፃናት ክብካቤና ልማት ማኅበር ነው። መሥራቿ አበበች ጎበና በሰላሌ፣ ሸበል አቦ በተባለች መንደር ተወለዱ፤ አባታቸው በጣልያን ወረራ ጊዜ ሞቱ። እ.ኤ.አ. በ1980 ለንግሥ ወደ ግሸን ማርያም ሲሄዱ በወሎ በረሃብ የተጎዱ ሰዎችን አይተው ሁለት ሕፃናት ይዘው ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። በአንድ ዓመት ውስጥ የልጆቹ ቁጥር 21 ደረሰ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ልጆቹን ያሳደጉት ምግብ አዘጋጅተው በመሸጥ ሲሆን የውጭ ድጋፍ የመጣው ድርጅቱ ቆሞ ከታየ በኋላ ነው። ማኅበሩ ከማሳደጊያው ጎን ትምህርት ቤት፣ የሙያ ሥልጠናና የገቢ ማስገኛ ሥራዎችን ጀምሯል፤ በየቤተሰባቸው ያሉ ሕፃናትንም ይረዳል። አበበች ጎበና በሰኔ 2013 ዓ.ም. በኮቪድ-19 ሕመም አርፈዋል።

የኤች.አይ.ቪ. ዘመን

በ1990ዎቹ ዓ.ም. የኤች.አይ.ቪ. ወረርሽኝ የወላጅ አልባ ሕፃናትን ቁጥር ሲጨምር ማሳደጊያዎች ሁሉንም መቀበል እንደማይችሉ ግልጽ ሆነ። እድሮች ከቀብር ሥራ አልፈው የሟች አባሎቻቸውን ልጆች መርዳት ጀመሩ። ትልልቅ ለጋሾችም ገንዘቡን በአንድ መሪ ድርጅት በኩል ለብዙ አገር በቀል ድርጅቶች የማከፋፈል አሠራር አስፋፉ። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በአሜሪካ መንግሥት ገንዘብ፣ በፓክት መሪነት የተካሄደው «የኮከብ ብርሃን» ፕሮግራም በዚህ መንገድ በአገር በቀል አጋሮች አማካይነት ሕፃናትን በየቤታቸው ይደግፍ ነበር።

የውጭ ጉዲፈቻ ዘመንና ማብቂያው

በ2000 ዓ.ም. ዙሪያ በነበሩት ዓመታት ከኢትዮጵያ ወደ ውጭ አገር በጉዲፈቻ የሚሄዱ ሕፃናት ቁጥር በፍጥነት ጨመረ። እ.ኤ.አ. በ2010 ወደ አሜሪካ ብቻ ከ2,000 በላይ ሕፃናት ሄደዋል። ለብዙ ማሳደጊያዎች ከጉዲፈቻ ወኪሎች የሚመጣው ገንዘብ ዋና ገቢ ሆነ። ወላጅ ያላቸው ሕፃናት እንደ ወላጅ አልባ ተቆጥረው መሄዳቸውና በውጭ አገር በአንዳንዶቹ ላይ የደረሰው በደል ከፍተኛ ትችት አስነሣ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጥር 1 ቀን 2010 ዓ.ም. የቤተሰብ ሕጉን በማሻሻል (አዋጅ ቁጥር 1070/2010) የውጭ አገር ጉዲፈቻን ከለከለ። ከዚያ ወዲህ የአገር ውስጥ ጉዲፈቻ፣ የአደራ ቤተሰብና የዘመድ አስተዳደግ ዋና አማራጮች ሆነዋል። ለእነዚህ አማራጮች ግን ጉዲፈቻ ያመጣ የነበረውን ያህል ገንዘብ የሚያመጣ ምንጭ አልተተካም።

በሰሜን ሸዋ፦ ሰዎች ለሰዎች በመርሐቤቴ

የሰዎች ለሰዎች መሥራች ካርልሃይንዝ ቦም የኦስትሪያና የጀርመን የፊልም ተዋናይ ነበር። ግንቦት 8 ቀን 1973 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ግንቦት 16 ቀን 1981) በጀርመን ቴሌቪዥን ቀርቦ ከተመልካቾች ሦስት አንዱ እንኳ ለአፍሪካ ረሃብተኞች አንድ ማርክ አይሰጥም ሲል ተወራረደ። የተሰበሰበው ከ1 ሚሊዮን ማርክ በላይ ሆነ፤ የጠበቀው ያህል ግን አልነበረም። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ድርጅቱን አቋቁሞ በምሥራቅ ኢትዮጵያ በኤረር ሸለቆ ሥራ ጀመረ።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ድርጅቱ ወደ መርሐቤቴና ወደ አጎራባቹ ሚዳ ዘልቆ የተቀናጀ የገጠር ልማት ሥራ አካሂዷል። በዓለም ከተማ የሚገኘው እናት ሆስፒታል የዚህ ሥራ ውጤት ሲሆን በአካባቢው ትምህርት ቤቶች፣ ጤና ጣቢያዎችና የውኃ ተቋማትም ተሠርተዋል። በኢሉባቦር፣ መቱ ከተማ ደግሞ ድርጅቱ አብዲ ቦሪ የተባለ የሕፃናት ማሳደጊያ አቋቁሟል፤ ስሙ በአፋን ኦሮሞ «የነገ ተስፋ» ማለት ነው።

ሁለቱ ሥራዎች ሕፃናትን ለመርዳት ገንዘብ የሚወጣባቸውን ሁለት መንገዶች ያሳያሉ። በመቱ ገንዘቡ በቀጥታ ቤተሰብ ለሌላቸው ልጆች ይውላል። በመርሐቤቴ ደግሞ ወጪው ለሆስፒታል፣ ለውኃና ለትምህርት ነው፤ በወሊድ የምትሞት እናት ስትቀንስና ገበሬው ልጁን ማብላት ሲችል ወደ ማሳደጊያ የሚሄደው ልጅ ይቀንሳል። ሰዎች ለሰዎች በአንድ አካባቢ ለዓመታት ከሠራ በኋላ የተሠራውን ለመንግሥትና ለኅብረተሰቡ አስረክቦ ይወጣል። እናት ሆስፒታል ዛሬ በመንግሥት ሥር ማገልገሉን ቀጥሏል። ካርልሃይንዝ ቦም የኢትዮጵያ የክብር ዜግነት ተሰጥቶታል፤ በአዲስ አበባ ካርል አደባባይ በስሙ ይጠራል። ያረፈው ግንቦት 21 ቀን 2006 ዓ.ም. ነው።

የሕግ ማዕቀፍ

የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 መንግሥት ለእጓለ ማውታ ሕፃናት ልዩ ጥበቃ እንደሚያደርግና በጉዲፈቻ የሚያድጉበትን ሥርዓት፣ እንዲሁም ደኅንነታቸውንና ትምህርታቸውን የሚያራምዱ ተቋማት መመሥረትን እንደሚያበረታታ ይደነግጋል። ገንዘቡን የሚመለከቱት ደንቦች ግን በሁለት ተከታታይ አዋጆች ተወስነዋል።

አዋጅ ቁጥር 621/2001

የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ድርጅቶችን በገቢ ምንጫቸው ከፋፈለ። ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሰብዓዊ መብት ሥራ መሰማራት አይችልም ነበር፤ የሕፃናት መብትም በዚሁ ክልከላ ውስጥ ገብቷል። ከውጭ ፋውንዴሽን ገንዘብ የሚቀበል ድርጅት ለሕፃናት ዳቦና ደብተር መስጠት ሲችል በፍርድ ቤት ወይም በሕግ ለውጥ ስለ መብታቸው መሟገት አልቻለም።

ሁለተኛው ደንብ «70/30» በመባል ይታወቃል። ከዓመቱ ወጪ ቢያንስ 70 በመቶው ለዓላማ ማስፈጸሚያ፣ ቢበዛ 30 በመቶው ለአስተዳደር እንዲውል ያዛል። ክርክሩ የተነሣው ከመቶኛው ይልቅ በትርጉሙ ላይ ነበር፤ የሥልጠና፣ የትራንስፖርትና የክትትል ወጪዎች እንደ አስተዳደር መቆጠራቸውን ድርጅቶች ተቃወሙ።

አዋጅ ቁጥር 1113/2011

ይህ አዋጅ ቀዳሚውን ሽሮ የ10 በመቶ ገደቡን አስቀርቷል። ድርጅቶች አገር በቀል ወይም የውጭ ተብለው ይመዘገባሉ፣ ከማንኛውም ሕጋዊ ምንጭ ገንዘብ ያሰባስባሉ፣ በመብት ሥራም ይሰማራሉ። የገቢ ማስገኛ ሥራ መሥራትም ይፈቀዳል፤ ትርፉ ግን ለዓላማው እንጂ ለአባላት አይከፋፈልም። የአስተዳደር ወጪ ጣሪያ ወደ 20 በመቶ ዝቅ ብሏል፤ ሆኖም ከፕሮጀክት ሥራ ጋር ያልተያያዙ ወጪዎች ብቻ ናቸው እንደ አስተዳደር የሚቆጠሩት። አዋጁ ከተጎጂ የኅብረተሰብ ክፍሎች ጋር የሚሠሩ ድርጅቶችን የሚያበረታታ የሲቪል ማኅበረሰብ ፈንድም አቋቁሟል። ተቆጣጣሪው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ነው።

የሒሳብ ምሳሌ

የትርጉሙን ልዩነት ለማሳየት 1,000,000 ብር ድጋፍ አግኝቶ ሕፃናትን በአደራ ቤተሰብ የሚያሳድግ አንድ የምናብ ድርጅት እንውሰድ። ገንዘቡን እንዲህ ደልድሏል፦

– ለአሳዳጊ ቤተሰቦች ቀጥተኛ ድጋፍ፦ 500,000 ብር
– ቤት ለቤት ለሚከታተሉ ባለሙያዎች ደመወዝ፦ 240,000 ብር
– ለትራንስፖርትና ለአሳዳጊዎች ሥልጠና፦ 120,000 ብር
– ለቢሮ ኪራይ፣ ለሒሳብ ሠራተኛና ለመሳሰሉት፦ 140,000 ብር

ክትትል፣ ትራንስፖርትና ሥልጠና እንደ አስተዳደር ከተቆጠሩ የአስተዳደር ወጪው 500,000 ብር ወይም 50 በመቶ ይሆናል፤ 30 በመቶን ያልፋል። የፕሮጀክት ወጪ ተደርገው ሲቆጠሩ ግን አስተዳደሩ 140,000 ብር ወይም 14 በመቶ ብቻ ነው፤ ከ20 በመቶ በታች ነው። ሥራውና ብሩ ያው ሆኖ አንዱ አቆጣጠር ድርጅቱን ጥፋተኛ፣ ሌላው ሕግ አክባሪ ያደርገዋል። ሕንፃና ምግብ በሥራ ማስፈጸሚያ ስለሚመዘገቡ የመጀመሪያው አቆጣጠር ማሳደጊያ ለመክፈት እንጂ ቤት ለቤት ለመከታተል አይመችም።

ተቋም ወይስ ቤተሰብ

በ2001 ዓ.ም. የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴር ያወጣው የአማራጭ የሕፃናት ክብካቤ መመሪያ አምስት መንገዶችን ይዘረዝራል፦ ማኅበረሰብ አቀፍ ክብካቤ፣ ከቤተሰብ ጋር መልሶ ማቀላቀል፣ የአደራ ቤተሰብ፣ ጉዲፈቻና የተቋም ክብካቤ። የተቋም ክብካቤ የመጨረሻ አማራጭ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2009 ያጸደቀው የአማራጭ ክብካቤ መመሪያም ድህነት ብቻውን ልጅን ከወላጁ ለመለየት ምክንያት መሆን እንደሌለበት ይገልጻል።

ለለጋሽ ግን ማሳደጊያ በቀላሉ ይታያል። ሕንፃው ፎቶ ይነሣል፣ ልጆቹ ይቆጠራሉ፣ ጎብኚ በአንድ ቀን ሁሉንም ያያል። በአደራ ቤተሰብ ያሉ 40 ልጆች ግን በ40 ቤት ተበትነዋል። እንደ መንዝ ባለ፣ ቤቶች ተራርቀው በሚገኙበትና ብዙ መንደሮች መኪና በማይደርስባቸው ደጋ፣ አንድ ባለሙያ በቀን የሚጎበኘው ቤት ጥቂት ነው። ክትትሉ ሲቀር ደግሞ አደጋው በልጁ ላይ ይወድቃል፤ አሳዳጊው ልጁን ከትምህርት አስቀርቶ ለእረኝነት ወይም ለቤት ሥራ ብቻ ቢያውለው የሚያውቅ አይኖርም። ስለዚህ የአደራ ቤተሰብ ድጋፍ ዋናው ወጪ ለቤተሰቡ ከሚሰጠው ገንዘብ ባልተናነሰ የክትትሉ ወጪ ነው።

ድጋፍ የሚገኝበት ሂደት

አሠራሩ ከፋውንዴሽን ፋውንዴሽን ቢለያይም አብዛኛውን ጊዜ የሚከተሉት ደረጃዎች አሉት፦

1. ጥሪ፦ ፋውንዴሽኑ የሚደግፈውን የሥራ ዓይነት፣ አካባቢና የገንዘብ መጠን ያስታውቃል።
2. አጭር የሐሳብ መግለጫ፦ ድርጅቱ ችግሩንና መፍትሔውን በጥቂት ገጾች ያቀርባል።
3. ሙሉ ፕሮፖዛል፦ የሥራ ዕቅድ፣ በጀትና የውጤት መለኪያ ይቀርባል።
4. ማጣራት፦ የምዝገባ ምስክር ወረቀት፣ የኦዲት ሪፖርት፣ የቦርድ አባላትና የሕፃናት ጥበቃ ፖሊሲ ይመረመራሉ።
5. ውል፦ ከፋውንዴሽኑ ጋር ከሚደረገው ውል በተጨማሪ በክልል የሚሠራ ፕሮጀክት ከሚመለከታቸው ቢሮዎች ጋር ስምምነት ይፈራረማል።
6. ክፍያና ሪፖርት፦ ገንዘቡ በዙር ይለቀቃል፤ የቀደመው ዙር ሳይወራረድ ቀጣዩ አይመጣም።
7. መዝጊያ፦ የማጠቃለያ ሪፖርትና ኦዲት ቀርቦ ንብረት ይተላለፋል።

ከሁሉ የሚከብደው አራተኛው ነው። ገንዘብ ያላገኘ አዲስ ድርጅት የኦዲት ታሪክ የለውም፤ የኦዲት ታሪክ የሌለው ደግሞ ገንዘብ አያገኝም። ማመልከቻው አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝኛና በኢንተርኔት ስለሚቀርብ በአዲስ አበባና በክልል ከተሞች ቢሮ ያላቸው ድርጅቶች ይቀድማሉ፤ የመሐል ሜዳ ወይም የራቤል እድር ሥራውን የሚያውቀው ቢሆንም ከውድድሩ ውጭ ይቀራል። ለዚህ ከሚሰጡት መፍትሔዎች አንዱ ልምድ ያለው ድርጅት ገንዘቡን ተቀብሎ ለትናንሾቹ በንዑስ ውል ማከፋፈሉ ነው።

ከ18 ዓመት በኋላ

በኢትዮጵያ ሕግ አካለ መጠን 18 ዓመት ነው። ብዙ የድጋፍ ውሎች የሚሸፍኑት እስከዚህ ዕድሜ ያሉትን ብቻ ነው። በወላጁ ቤት ያደገ ወጣት በ18 ዓመቱ ከቤት አይወጣም፤ በማሳደጊያ ያደገው ግን መኖሪያ፣ የቤት ኪራይ ዋስና የትውውቅ ሰው ሳይኖረው ሊወጣ ይችላል። ቤተሰቡ በማይታወቅበት ጊዜ የልደት ማስረጃና የቀበሌ መታወቂያ ማግኘትም ተጨማሪ እንቅፋት ይሆናል። ይህንን ለማቃለል የሚሰጡ ድጋፎች የሙያ ሥልጠናን፣ የመነሻ ገንዘብን፣ የጋራ መኖሪያንና ወጣቱን የሚያማክር ሰው መመደብን ይጨምራሉ።

ችግሮችና ትችቶች

የመጀመሪያው ትችት የጊዜ አለመመጣጠን ነው። ድጋፎች በተለምዶ ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት የሚቆዩ ሲሆን በሁለት ዓመቱ የመጣ ሕፃን ራሱን እስኪችል 16 ዓመት ይፈልጋል። ውል ሳይታደስ ሲቀር አሳዳጊው ቤተሰብ ልጁን ብቻውን ይሸከማል።

ሁለተኛው የገንዘብ ምንጭ ጥገኝነት ነው። እ.ኤ.አ. ጥር 2025 የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን አግዶ በሐምሌ ወር የልማት ድርጅቱን (ዩ.ኤስ.ኤይድ) ሲዘጋ፣ በንዑስ ውል ይሠሩ የነበሩ አገር በቀል ድርጅቶች በድንገት ገቢያቸውን አጥተዋል። የግል ፋውንዴሽኖች ይህንን ክፍተት ለመሙላት አቅማቸው ውስን ነው።

ሦስተኛው ግጭት ነው። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ የሰሜኑ ጦርነት እስከ ሰሜን ሸዋ ደርሶ ነበር፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል የቀጠለው ግጭት መንገድ፣ ባንክና ኢንተርኔት በየጊዜው እንዲቋረጥ አድርጓል። ክትትልና ወቅታዊ ሪፖርት የሚጠይቅ ውል በእንዲህ ያለ ቦታ ለመፈጸም አስቸጋሪ ስለሆነ፣ ሕፃናት ይበልጥ የሚቸገሩበት አካባቢ ድጋፍ የሚሸሸው አካባቢ ይሆናል።

ከሚቀርቡት የመሻሻያ ሐሳቦች መካከል ለብዙ ዓመታት የሚቆይ ውል፣ ለተወሰነ ፕሮጀክት ብቻ ሳይታሰር ለድርጅቱ ሥራ በጠቅላላ የሚሰጥ ድጋፍ፣ እንዲሁም የአገር ውስጥ ምንጮችን ማሳደግ ይገኙበታል። ለአገር ውስጥ ምንጭ የእድር መዋጮ፣ የንግድ ድርጅቶች ስጦታና የገቢ ማስገኛ ሥራ በምሳሌነት ይጠቀሳሉ። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረውና በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በቀን ቢያንስ አንድ ዶላር እንዲያዋጡ የጠየቀው የዲያስፖራ ትረስት ፈንድም ከብዙ ትናንሽ መዋጮዎች ለልማት ሥራ ገንዘብ ለማሰባሰብ የተሞከረበት መንገድ ነው።